መድኃኒት አላት

የበደለችኝ የባለቤቴ ታላቅ እህት ናት። የበደለችኝ ልጄ በታጨችበት ዓመት፣ በሁዳዴ፣ የማርያም ማኅበራችን በተሰበሰበበት ቀን፣ ሴቶቹ ሁሉ እየሰሙ ነው። ያኔ ንጉሡ ገና አልወረዱም። አሁን እሷ ከሞተች ቆይታለች፤ «የሞተ ሰው ነገር ማንሣት ምን ይጠቅምሻል?» የሚሉኝ አሉ። ይጠቅመኛል። እሷ የኔን ነገር ያነሣችው በቁሜ፣ ፊት ለፊቴ ነው። እኔ ይኸው ሞታም እንኳ ስሟን አልጠራሁም።

የሷን ለመናገር ግን መጀመሪያ የራሴን ነውር ማውጣት አለብኝ። እስከ ዛሬ ዝም ያሰኘኝም ይኸው ነው። በሽታ ነውር አይደለም የሚል ሰው ዛሬ ብዙ ነው። ያኔ ነውር ነበር። የኔ ደግሞ በሽንት የሚታወቅ በሽታ ነው።

ቤታችን ደብረ ማርቆስ ነበር። ባለቤቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው። እኔ ከአማኑኤል በኩል የመጣሁ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ይህን እህቱ አንድ ቀን እንኳ ረስታልኝ አታውቅም። እሷ ሁለት ባል አግብታ፣ ከሁለቱም ሳትወልድ፣ ሳጥኗን አሸክማ ወንድሟ ቤት ገብታለች። እናታቸው በልጅነቱ ስለ ሞተች ያሳደገችው እሷ ናት። ስለዚህ እሱም «እትዬ» ይላታል፣ እኔም «እትዬ» እላታለሁ። የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ ይንጠለጠል ነበር። ለእንግዳ ሻይ የሚወጣው ስኳር የሚቀመጠው እዚያ ውስጥ ነው። በገዛ ቤቴ ስኳር ስፈልግ የሷን አንገት ለምኜ ነው።

በሽታው የጀመረኝ በውኃ ጥም ነው። ክረምት ነበር። ሰው ሁሉ እሳት ዳር ተኮራምቶ ሳለ እኔ ከእንስራው ሥር አልጠፋም አልሁ። ጠጥቼ ሳልጨርስ ሌላ ያምረኛል። ቀሚሴ እየሰፋኝ ሄደ። ከዚያ ሽንቱ መጣ። እንደ ሌላ ሴት ቅዳሴ አስቀድሼ መመለስ ቀረ። በቅዳሴው መካከል እየተሹለከለክሁ እወጣለሁ፣ እመለሳለሁ፤ የሴቶቹ ዓይን ይከተለኛል። አንድ እሑድ አልደረስሁም። ከቅጥሩ ግንብ ሥር ተቀምጬ ሰው ሁሉ እስኪበተን ጠበቅሁና ነጠላዬን ወገቤ ላይ ታጥቄ ቤቴ ገባሁ።

እትዬ ደጃፍ ላይ ቆማ አየችኝ። «ምነው ታጥቀሽ መጣሽ?» አለች። «የማን ድግስ አለ?»

«በረደኝ» አልሁ።

«ብርዱ ወገብ ላይ ነው እንዴ የሚይዘው ያንቺ አገር ሰው?»

እንዲህ ናት። አባታቸው የቅኔ ሰው ነበሩ ይባላል፤ ልጃቸው ከዚያ የወረሰችው አንድን ቃል በሁለት በኩል ስሎ መወርወርን ብቻ ነው።

ከቤቱ ጓሮ፣ ከጌሾው በስተኋላ፣ ሽንቴን የምሸናበት ቦታ ነበረኝ። አንድ ጠዋት ስወጣ መሬቱ ጥቁር ብሎ አየሁት። ቀረብ ስል ጉንዳን ነው። ከአጥሩ ሥር ወጥቶ ተሰልፎ የኔን ሽንት እየላሰ ነው። እንደዚያ ቀን ደንግጬ አላውቅም። ምድር ራሷ የምትመሰክርብኝ መሰለኝ። ከምድጃው አመድ አምጥቼ ደፋሁበት። በነጋታውም ደፋሁ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ አመድ ተሸክሜ ወደ ጓሮ መሄድ ሥራዬ ሆነ። እትዬ ደግሞ ዕቃ የምናጥብበት አመድ እያለቀ ነው ብላ በሠራተኛዋ ላይ ትጮኻለች። ሠራተኛዋን የምትቆጣት በኔ ምክንያት እንደ ሆነ እያወቅሁ ዝም አልሁ።

በመጨረሻ ለባለቤቴ ነገርሁት። እውነት ለመናገር አልሳቀብኝም። ሐኪም ቤት ወሰደኝ። እዚያ ሰው ተራ ይዞ ግድግዳውን ተደግፎ ይጠብቃል። ድሬሰሩ ሽንቴን በጠርሙስ ተቀበለኝ፤ ሰማያዊ ውኃ ጨመረበትና እሳት ላይ አሞቀው። ሰማያዊው አረንጓዴ ሆነ፣ ቢጫ ሆነ፣ በመጨረሻ እንደ ሸክላ ቀላ።

«ጉንዳን ይወጣበት ነበር?» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ ሳያደርግ።

አንገቴን ደፋሁ።

«ስኳር ነው። ሽንትሽ ውስጥ ስኳር አለ።»

እጇን በጨርቅ ያሰረች አንዲት የገጠር ሴት ከጎኔ ተቀምጣለች። «ታድለሽ» አለችኝ። «እኛ ለአመት በዓል እንኳ አጥተነዋል።» ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሳቀ። ሴትዮዋ ክፋት አልነበራትም። እኔ ግን ነጠላዬን እስከ ዓይኔ አወጣሁት።

ሐኪሙ ኪኒን ሰጠኝ። ጠዋት ጠዋት እህል ከቀመስሽ በኋላ ትውጫለሽ፣ በባዶ ሆድ ከወሰድሽው ይጥልሻል አለኝ። ይድናል ወይ ብዬ ብጠይቀው አይለቅሽም፣ ከያዝሽው ግን አብረሽው ትኖሪያለሽ አለ። ከምን መጣብኝ አልሁት።

«ከዘርም ሊመጣ ይችላል» አለ። «ልጆች አሉሽ?»

ባለቤቴ ያን ጊዜ ባርኔጣውን በእጁ ያዞር ነበር፤ ይህን ሲሰማ ማዞሩን ተወ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት ልጅ ነው ያለችን። እሷም በዚያው ዓመት ቁይ አካባቢ ላሉ ባለርስቶች ልጅ ታጭታለች። ሰዎቹ ዘር ቆጣሪዎች ናቸው። ሽማግሎቻቸው ለጥያቄ በመጡ ጊዜ እስከ ሰባት ቤት አስቆጥረው፣ ከዚያ «በዘራችሁ ደዌ አለ ወይ?» ብለዋል። እነሱ የሚፈሩት ቁምጥናንና የሚጥል በሽታን ነው፤ የጠየቁት ግን ሁሉን ነው። ባለቤቴ ተነሥቶ «የለም» ብሎ ማለ። ሲምል እውነቱን ነበር። ከሐኪም ቤት ስንወጣ ግን መሐላው ሐሰት ሆኖ ጠበቀን።

ቤት ልንደርስ ስንል፣ «ይህን ነገር ሰው እንዳይሰማው» አለኝ።

«እትዬስ?»

«እትዬም። እሷ ከሰማች ማርቆስ ሰማ ማለት ነው።»

ይህን ያለው እሱ ነው። እኔ አይደለሁም። «አላወቀችም እኮ፣ ብታውቅ አታደርገውም ነበር» የሚሉኝ ዘመዶች ስላሉ ነው ይህን የምናገረው። አዎ፣ አላወቀችም። እንዳታውቅ ያደረገው ወንድሟ ነው። እሷም ብትሆን ግን ከመፍረድ በፊት መጠየቅ ትችል ነበር። እንዲያውም ስኳር በሽታ ያዛት ብለን ነግረናት ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የምታደርገውን አውቀዋለሁ፤ ቁም ሳጥኑን ከፍታ ስኳሯን ታይ ነበር።

ኪኒኑን ባለቤቴ እያመጣ በኮቱ ኪስ ያስቀምጥልኛል፤ እኔ ለየዕለቱ የሚበቃኝን በመቀነቴ ጫፍ ቋጥሬ እይዛለሁ። ጥሙ ቀለለኝ። ጉንዳኑም ቀነሰ። ልጄ የሠርግ ጥጥ ስትፈትል አጠገቧ ተቀምጬ ተመስገን እላለሁ። እንዲህ እያለ ሁዳዴ ገባ።

ጾም ጾም ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን እህል ቀምሼ አላውቅም፣ በእናቴም ቤት እንዲሁ ነው ያደግሁት። በመጀመሪያዋ ሳምንት ኪኒኑን ተውሁት፤ ጥሙ ተመለሰ። እሑድ ጠዋት ፈራሁና በባዶ ሆዴ ዋጥሁት፣ ቅዳሴም ሄድሁ። ሰው ሊሰናበት ሲል ላብ አጠመቀኝ፤ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ጉልበቴ ከዳኝ። ከዚያ መሬት ላይ ነኝ። የሰዎች እግር ይታየኛል። ጸበል ይረጩብኛል። አንዱ ቄስ የመስቀሉን ጫፍ ግንባሬ ላይ ጭኖ፣ «ማን ነህ? ከየት ያዝሃት?» ይለኛል። ሁሉን እሰማለሁ። ምላሴ ግን አልታዘዝም አለ። የሚጠይቀው እኔን ሳይሆን እላዬ ላይ አለ ያለውን ጋኔን ነው።

«አይናገርም፣ ዲዳ ነው» አለ ሌላው።

በመጨረሻ ሰንበቴ ቤት ወስደው ዳቦ በጠላ ነክረው አጎረሱኝ። ወዲያው ነፍስ ዘራሁ። ጸበሉ አስወጣላት ተባለ። ተነሥቼ የሰውን ሁሉ እጅ እየሳምሁ ወጣሁ። ባለቤቴ ከወንዶቹ መካከል ቆሞ ጫማውን ያይ ነበር።

የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው። ብዙ አሰቡ። «ለመድኃኒት ያህል መቅመስ ኃጢአት አይሆንብሽም» አሉ። «ነገር ግን ሌላው አይቶ እንዳይሰናከል ተሰውረሽ ቅመሺ።» መስቀላቸውን ተሳልሜ ወጣሁ። ቃሉ የደግ ሰው ቃል ነው፤ አልወቅሳቸውም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በገዛ ቤቴ እንደ ሌባ በላሁ።

የምበላው ጭድ ቤት ውስጥ ነበር። የማታውን የቂጣ ፍርፋሪ በቀሚሴ እጅጌ ይዤ እገባለሁ። ደረቅ ቂጣ ሲታኘክ ድምፅ አለው፤ ስለዚህ በውኃ አርሼ በመዳፌ ጨምቄ እውጠዋለሁ። ዶሮዎቹ ፍርፋሪ ይወድቅልናል ብለው እግሬ ሥር ይሰበሰባሉ። እነሱንም «ዝም በሉ» እላቸው ነበር። ትልቅ ሴት፣ የምትዳር ልጅ ያላት ሴት፣ ከዶሮ የምትደበቅ። ከዚያ ከንፈሬን አብሼ፣ የጾመ ሰው ፊት ይዤ እወጣለሁ።

አንድ ረቡዕ ጠዋት እትዬ ገባችብኝ። ዶሮዋ የታቀፈችውን እንቁላል ልታይ ነው። እኔ አፌን ሞልቻለሁ፤ መቀነቴ ተፈቷል፤ ነጩ ኪኒን መዳፌ ላይ ነው። መብላቴን እንኳ አላስተዋለችም። ዓይኗ ያረፈው መዳፌ ላይ ነው።

«ምንድን ነው እሱ?»

አፌ ሙሉ ስለ ሆነ መናገር አልቻልሁም። ዋጥሁና፣ «መድኃኒት ነው» አልኋት።

«የምን መድኃኒት?»

ኪኒኑን ጨብጬ መቀነቴን ቋጠርሁ። በሕይወቴ አንድ ትክክለኛ ቃል ተናግሬ የጠፋሁት ያን ጊዜ ነው። በኛ አገር መድኃኒት የሚያድነውም ነው፣ ሴት በባሏ ወጥ ውስጥ ጨምራ ልቡን የምታስርበትም ነው። ቃሉ አንድ ነው። ሰሚው የፈለገውን ይዞ ይሄዳል። እሷ የትኛውን ይዛ እንደምትሄድ ከፊቷ አየሁት።

«አሃ» አለችና እንቁላሉን ሳታይ ወጣች።

ለሷ ሁሉ ነገር በአንድ ጊዜ የተገለጠላት መሰላት። ወንድሟ ለምን አይቆጣኝም? ለምን ሌላ ሴት አላየም? ከኔ ጋር ሹክ የሚለው ምንድን ነው? ይህን ሁሉ ዓመት የገበሬ ልጅ ይዞ ለምን ተቀመጠ? መልሱን መዳፌ ላይ አገኘችው።

ከዚያ ወዲያ ወጡን ሳትቀምስ ለወንድሟ አይቀርብም ሆነ። ሰው ባለበት፣ ማዕድ ላይ፣ «ወንድሜ፣ ወጡ መድኃኒት ሆኖልሃል አይደል?» ትለዋለች። እንግዶቹ ምግቡን ያመሰገነች መስሏቸው ይስቃሉ። እሱም ይስቃል። እሱ ግን የቅኔው ሰው ልጅ ነው፤ ገብቶታል።

እሷ ቤተ ክርስቲያን በሄደችበት ሰዓት ጠብቄ፣ «ለእትዬ እንንገራት» አልሁት።

«ሠርጉ ይለፍ።»

«መድኃኒት አድራጊ እያለችኝ ነው፣ እርስዎ እየሰሙ።»

«ማን ያምናታል?» አለ። ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ። ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

የማኅበሩ ቀን ደረሰ። የተሰበሰብነው በማኅበሩ ታላቅ፣ በአንዲት ባልቴት ቤት ነው። እትዬም የማኅበሩ አባል ናት። የልጄ እጮኛ አክስትም አለች፤ ማርቆስ ተቀማጭ ናት፣ ጋብቻውንም ያገናኘችው እሷ ናት፤ ከፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። ጸሎቱ ደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ተበላ። የሚቀረው ጽዋውን ለወሩ ተረኛ ማስረከብ ነው። ተረኛዋ እኔ ነኝ። በኛ ዘንድ ጽዋ የተቀበለች ሴት ማርያምን ቤቷ አስገባች ማለት ነው፤ ያለ ተራዋ የማትለምነው፣ ተራዋ ደርሶ የማትከለከለው ክብር ነው።

«በይ ተነሽ ልጄ» አሉ ባልቴቷ። «ዓመት ያድርስሽ።»

ተነሥቼ ሁለት እጄን ዘረጋሁ።

«ይቆይ» አለች የባለቤቴ እህት። «ጽዋው የሚገባው እኔ ያለሁበት ቤት ነው። እኔ አልፈቅድም።»

«ምነው እቴ? ምን ነካሽ?» አሉ ባልቴቷ።

«መድኃኒት አላት።»

ማኘክ ቆመ።

«የምን መድኃኒት?» አሉ ባልቴቷ።

«በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራዋለች። ትፍታውና እዩት። ወንድሜን ያቀመሰችውን እናንተም በጠላ እንድትቀምሱት ነው ተራ የምትሰጧት?»

«ኧረ እኔንም ባስተማረችኝ» አለች አንዲት ቀልደኛ ከበሩ በኩል። «የኔው ባል ለገበያ ብሎ ወጥቶ ይኸው ዓመቱ።»

ሁለት ሦስት ሴቶች ሳቁ፤ ከዚያ ሳቁን ዋጡት። ባልቴቷ ወደኔ ዞሩ። ዓይናቸው ክፉ አልነበረም።

«ልጄ፣ ፍቺውና አሳዪን፤ ነገሩ እዚሁ ያልቃል። የሕመም ከሆነ ሕመም ነው በዪን። ሕመም የእግዜር ነው።»

በሩ ተከፍቶልኝ ነበር። አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። ቀና ስል የእጮኛው አክስት ቁራሽ ዳቦዋን አፏ አጠገብ አቁማ ታየኛለች። ሕመም ነው ብል፣ የምን ሕመም ትለኛለች። ስነግራት፣ ከምን መጣ ትላለች። ልጄ ጥጧን እየፈተለች ቤት ተቀምጣለች። ሁለት እጄን ከጽዋው መልሼ የመቀነቴን ቋጠሮ ጨብጬ ያዝሁ። ሴቶቹ ያዩት ይህን ነው። መጨበጤን።

«የሕመም አይደለም» አልሁ።

«እሰይ» አለች እትዬ። «ከገዛ አፏ ሰማችሁ።»

ጽዋው አጠገቤ ወደ ተቀመጠችው ሴት አለፈ። እሷም ስትቀበል ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገች፣ እንዳይነካኝ። እኔ እስከ መጨረሻው ቁጭ አልሁ፤ የባሰ እንዳያጋልጠኝ ሽንቴን ይዤ ነበር።

በነጋታው ባልቴቷ ሌላ ሴት አስከትለው ቤታችን መጡ። ባለቤቴን ሊጠይቁት ነው። ደግ ሴት ነበሩ፤ ሊያድኑኝ ነው የመጡት። ውኃ አቀረብሁላቸው። አመሰገኑ፤ አልጠጡም።

«ልጄ» አሉት፣ «በቤትህ አለ ስለሚባለው ነገር የምታውቀው አለህ?»

ኮቱ በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ከሐኪም ቤት ያመጣልኝ አዲሱ ብልቃጥ ኪሱ ውስጥ ነው፤ ኪሱ አበጥ ብሎ ከተቀመጥሁበት ይታየኛል። እሱም ወደ ኮቱ አየ። እህቱ በጓዳው በር ላይ ቆማለች።

«እኔ የማውቀው ነገር የለም» አለ።

እህቱ ያለችኝን ሁሉ ዘርዝሬ አስታውሳለሁ፤ የሱ ይኸው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

የእጮኛው አክስት በዚያው ሳምንት ወደ ቁይ ወረደች። ልጄ ልብስ ስታጥብ፣ ጥጥ ስትፈትል አያታለሁ፤ ሰው ወደ ደጃችን በመጣ ቁጥር የፈረሰ ጋብቻ ይዞ የመጣ ይመስለኛል። የንስሐ አባቴ ያውቃሉ፤ በንስሐ የሰሙትን ግን አያወጡም። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ መስቀላቸውን ከሌላው ሰው ይልቅ አቆይተው ያሳልሙኝ ነበር፤ ሊያደርጉልኝ የሚችሉት ያን ያህል ነው።

አክስቲቱ ተመልሳ ያመጣችው ወሬ ሌላ ነው። የሙሽራው አባት ነገሩን ሲሰሙ ከት ብለው ስቀዋል። «ባሏን እንዲህ አጥብቃ ያሰረች እናት ልጇን ፍቺ አታስተምርም» አሉ። «ዘራቸው ንጹሕ ይሁን እንጂ ሌላው የነሱ ጣጣ ነው።» ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ።

ባለቤቴ ደስ አለው። «አየሽ» አለኝ፣ «ትዕግሥትሽ ልጅሽን ዳረ።» ትዕግሥት ያለውን ነገር ሌላ ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራው አላውቅም። እኔ ውርደት ነው የምለው።

የሠርጉ ለት ከኔ እጅ የሚበላ ሰው እንደሌለ እትዬ ቀድማ አውቃለች። ቁልፏን አንጠልጥላ አስተናጋጁን፣ ወጥ ቤቱን፣ ጠላ ቀጂውን ሁሉ እሷ አዘዘች። እኔን ከዳሱ ጥግ በርጩማ ሰጥታ አስቀመጠችኝ። «የሙሽራ እናት አረፍ ትበል እንጂ» አለች፣ ሰው እንዲሰማ። ልጄን ስድር ማንኪያ እንኳ አልነካሁም። ጠላ የሚቀዱት ሴቶች በአጠገቤ ሲያልፉ ማንቆርቆሪያውን ወደ ሌላው ጎናቸው ያዞሩታል። እንግዳ ሆኜ ዋልሁ።

ሙሽራዋ ልትወጣ ስትል ጉልበት ልትስም መጣች። ከመሶቡ ቆርሼ ጉርሻ ዘረጋሁላት፤ እናት ልጇን የምትሰናበተው እንዲህ ነው። ልጄ አፏን ከመክፈቷ በፊት ወደ አክስቷ፣ ወደ እትዬ አየች። ለአንድ አፍታ ነው። ከዚያ ጎረሰች። አኝካ ዋጠች፤ ጉልበቴንም ሳመች፤ አለቀሰችም። ግን አይታለች። ሕፃን ሆና ያለኔ እጅ አልበላም ብላ እህል ትመልስ የነበረች ልጅ ናት።

በሽታው ጉልበቴን፣ ዓይኔን፣ ጥርሴን ቀስ በቀስ ወስዷል። ለዚያ አላለቀስሁም። የልጄን ያቺን አንዲት እይታ ግን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም፤ ሐኪም ቤት ተራ ስጠብቅ፣ ዛሬ ሴቶቹ ስለ ስኳራቸው በጩኸት ሲጫወቱ፣ ያንቺ ስንት ገባ ሲባባሉ፣ እኔ እስከ አሁን ኪኒኔን የምውጠው ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነው።

ሙሽሮቹ ከሄዱ በኋላ ዳሱ ፈረሰ፤ እንግዳውም ተበተነ። በማግስቱ ጠዋት ተነሥቼ ለራሴ ብቻ ቂጣ ጋገርሁ። ጭድ ቤት አልገባሁም። ደጃፉ ላይ፣ መንገደኛ እያየኝ ተቀምጬ በላሁና ኪኒኔን ዋጥሁ። ያን ጊዜ ፊቴን አላዞርሁም።

ባለቤቴ ለምሳ መጣ። እጁን ታጥቦ ተቀመጠ። ማዕድ የለም።

«ምሳስ?»

«እትዬ ታቅርብልዎ» አልሁት። «የኔ መድኃኒት አለበት።»

ወደ ኮቱ አየ፤ ከዚያ ወደኔ አየ። እህቱ ከጓዳ ወጥታ አቀረበችለት።

ከዚያ በኋላ ለባለቤቴ ምግብ ሠርቼ አላውቅም። ልብሱን አጠብሁ፣ አልጋውን አነጠፍሁ፣ ሲታመም አስታመምሁ፤ ከእጄ ግን እህል አልቀመሰም። እስኪሞት ያበላችው እህቱ ናት። አርጅታ እጇ ሲንቀጠቀጥ ወጡ ጨው በዛበት፤ እንደዚያው በላው። ለልጄ ነገሩን የነገርኋት ሁለት ልጅ ወልዳ፣ የባሏ ዘመዶች ሊመልሷት የማይችሉበት ጊዜ ከደረሰ በኋላ ነው። ከሠርጉ በሚቀጥለው ዓመት ተራው ዞሮ ሲደርሰኝ ማኅበሩ «ተራሽ ነው» ብሎ ሰው ልኮብኝ ነበር። አልሄድሁም።